ጋሼ ክንፈ ሎሚ ሳይዙ የመጡ ለታ

የጋሼ ክንፈን ሞት የሰማሁት በስልክ ነው። የደወለችልኝ ጓደኛዬ ዘነበች ናት። መጀመሪያ «ትንሽ አሟቸው ሆስፒታል ገብተው ነበር» አለችኝ። ቀጥላ «እንግዲህ የሰው ነገር፣ እግዚአብሔር ያውቃል» አለች። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው ቢሰሟት እንዴት ይቆጡ ነበር! «በአንድ ጊዜ ማሻገር ሲቻል፣ ሰውን ለምን እየደጋገማችሁ ውኃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ?» ይሉ ነበር።

ከዚያ በኋላ የነገረችኝ ግን ከሞታቸው ይልቅ አስፈራኝ።

«ቀብሩ ነገ ነው። ለእትዬ ጽጌ አልተነገረም። የዓይን ኦፕሬሽን አላቸው አይደል፤ ካለቀሱ ይበላሻል ተብሎ፣ እሱ እስኪያልፍ እንዳይሰሙ ሽማግሌዎቹ ወስነዋል። ልጃቸውም ተስማምቷል። አንቺን ስለሚወዱ ዛሬ ሄደሽ ታጫውቻቸዋለሽ። ከጋሼ ጓሮ ሎሚ ለቅመንልሻል፤ አመጣልሻለሁ።»

እትዬ ጽጌ የጋሼ ክንፈ ታላቅ እኅት ናቸው፤ ሳኒቬል በምትባል ከተማ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ስለ ሎሚው ስትነግረኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለምን እንደሆነ ለመናገር ከሩቅ መጀመር አለብኝ።

ጋሼ ክንፈ በጃንሆይ ዘመን ሕግ ሊማሩ አሜሪካ፣ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የመጡ ሰው ነበሩ። የጀመሩት የዶክትሬት ጽሑፍ ርእሱ ሲነገር ሰው ፈገግ ይል ነበር፤ አሜሪካ ገና ጨቅላ ሳለች የየስቴቱ ምክር ቤቶች ስለ ወንዝ ማሻገሪያ ጀልባ፣ በወንዝ ስለሚደረግ ንግድና ጉዞ ያወጧቸው ሕጎች ናቸው። አብዮቱ ፈነዳ፤ ከአገር ቤት የሚላክላቸው ገንዘብ ተቋረጠ፤ ጽሑፉ ሳያልቅ ቀረ። እኔ ሳውቃቸው፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ ኦክላንድ አንድ የሕግ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጽሑፉ ቢቀርም ሕጎቹ ከአፋቸው አልጠፉም።

አንድ ጊዜ ሳን ሆዜ ክርስትና ላይ አንድ ወጣት ኢንጂነር ሊያበሽቃቸው ፈለገ።

«ጋሼ፣ ሌላው ለሕገ መንግሥት ሲጨነቅ እርስዎ ለታንኳ?»

«ሕገ መንግሥት ሁሉም አገር አለው» አሉት። «ክረምት ሲገባ ሕዝቡን ማን እንደሚያሻግረው የተጻፈበት አገር ግን እስቲ ጥራልኝ።»

«ድልድይ ይሠራላቸዋ!»

«እስኪሠራስ?»

ልጁ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ሕጉን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይሉት ጀመር። «አሻጋሪ ፈቃድ ያወጣል፤ ዋስ ይጠራል። ጀልባው የማያፈስ፣ ገመዱ የማይበጠስ ይሁን። ታሪፉን ከሩቅ በሚታይ ሰሌዳ ላይ ጽፎ ወንዙ ዳር ያቁም። ጀንበር ከወጣች እስክትጠልቅ ከዳር አይጥፋ። ከማዶ የተጣራውን ሰው ሳይመርጥ ያሻግር። ያዘገየ ይቀጣል።» የመጨረሻዋን ሲሉ ሌባ ጣታቸውን ያነሳሉ፤ ቀጥለውም ይጨምራሉ፦ «ሁሉን እንኳ አልልም። ባሪያ ያለ ጌታው ወረቀት ያሻገረም ይቀጣ ነበር። ሕግም እንደ ሰው ነው፣ ነውር አያጣም።»

እነዚያ ዓመታት ክፉ ነበሩ። ክፉው ወሬ ከአገር ቤት በስልክ ለአንድ ሰው ይደርሳል፤ ያ ሰው ይዞት ይከርማል። በእኛ ልማድ መርዶ በዘፈቀደ አይነገርም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ማለዳ፣ ሰው ከአልጋው ሳይወርድ፣ ነጠላ ተዘቅዝቆ ይኬዳል። አዲስ አበባ ቢሆን ይህ በማግሥቱ ይፈጸማል። እዚህ ግን አንዱ የሚሠራው ኮንኮርድ፣ ሌላው ሳን ሆዜ ነው፤ የሁሉም ሺፍት አይገጥምም። ስለዚህ ለሳምንቱ መጨረሻ ይቀጠራል። ከዚያ ፈተና አለባት ይባላል። ከዚያ የኢሚግሬሽን ኢንተርቪውዋ ይለፍ ይባላል። ከዚያ ደግሞ ጾሙ ይውጣ። አባቱ ከሞተ ወራት ያለፈው ልጅ ሠርግ ላይ ሲጨፍር አይቻለሁ። ከእሱ በቀር ሁላችንም እናውቅ ነበር። እያጨበጨብንለት።

ከዚያ ሠርግ በኋላ ጋሼ ክንፈ የመርዶውን ሥራ ራሳቸው ያዙት። አነጋገራቸው እንደ ሌላው አልነበረም። «አሞታል» ብለው አይጀምሩም። ቆመው፣ ዓይን ዓይን እያዩ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። ከዚያ አይሄዱም። ሐዘንተኛው ካለቀሰ በኋላ አንድ ጉርሻ እስኪቀምስ ይቀመጣሉ፤ ጓዳ ገብተው ሳህን ያጥባሉ። «ከወንዝ መሐል ጥሎ የሚመለስ አሻጋሪ ፈቃዱን ይነጠቃል» ይላሉ። አንድ ሌላ ደንብም ነበራቸው፦ ሰውዬው ራሱ ሳይጠይቃቸው አይነግሩም፤ ደጁ ሄደው እስኪጠይቅ ይጠብቃሉ። ተሻጋሪው ካልተጣራ ጀልባው አይነሳም፤ ከተጣራ ግን አይዘገይም።

ታዲያ ሰው ይፈራቸው ጀመር። አሮጌ ቡናማ መኪናቸው መንገድ ስትታጠፍ የሞተሯ ችንጋ እንደ ድመት ይጮሃል። ያን ድምፅ የሰማ ሐበሻ መጋረጃውን ይዘጋል። መኪናዋ የጎረቤት በር ላይ ስትቆም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን፣ «ተመስገን» እንል ነበር። አንዲት ሴት የዋስትና ወረቀት ሊያነቡላት ጠርታቸው፣ መጥራቷን ረስታ፣ በሩን ከፍታ ስታያቸው እዚያው ደረቷን እየመታች ወደቀች። ምንም እንዳልመጣ እስኪያስረዷት ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ አለቀሰ።

«ጋሼ፣ ወደ ሰፈራችን ሲመጡ እባክዎ ቀድመው ኮል ያድርጉ፤ ልባችን ይቆማል» አለቻቸው ዘነበች።

«ኮል ባደርግም ይቆማል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ሎሚው የመጣው። ጓሯቸው ውስጥ ክረምት ከበጋ የምታፈራ የሎሚ ዛፍ ነበረቻቸው። ለደህና ነገር፣ ለጨዋታ፣ ለሰላምታ ሲመጡ ሎሚ የሞላ የመረብ ከረጢት አንጠልጥለው፣ ከመስኮት እንዲታይ ከፍ አድርገው ይይዙታል። «ሕጉ ሰሌዳ አቁም ይላል አይደል? ይኸው ሰሌዳዬ።» ሎሚ ካለ ሞት የለም ማለት ነው። ሴቶቹ «ድሮስ ሎሚ ይዞ የሚመጣ ወንድ ለሌላ ጉዳይ ነበር!» እያሉ ይሥቁባቸዋል። የዘነበች ልጆች ደግሞ መስኮት ላይ ተለጥፈው «ማሚ፣ ለመን ማን ኢዝ ሂር!»፣ ሎሚው ሰውዬ መጡ፣ እያሉ በእንግሊዝኛ ይጮሃሉ። እናታቸው የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ሎሚው አለ?»

ወደ እኔ ነገር ልመለስ። ባለቤቴ ታደሰ እንደ እኔው አስተማሪ ነበር። እኔ በሱዳን በኩል ወጥቼ ኦክላንድ ስደርስ እሱ እስር ቤት ነበር። ተፈትቶ በሑመራ በኩል ሊከተለኝ መነሳቱን ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

በዚያ ዓመት ፀደይ ላይ ሳን ሆዜ አንድ ቤት ተጋብዤ ሄድኩ። ስገባ፣ ሳሎን ተቀምጦ ሲያወራ የነበረ የማላውቀው ወጣት አየኝና ተነስቶ በጓሮ በር ወጣ። «ማነው?» አልኩ። «ግርማ ይባላል፣ ከሱዳን በቅርቡ የገባ ነው» አሉኝ፤ ወዲያው ሦስት ሰው በአንድ ጊዜ ምግብ አቀረበልኝ። ልጁ እኔ እስክሄድ ድረስ አልተመለሰም።

ከዚያ ቀን በኋላ ሰው ስለ ታደሰ መጠየቅ አቆመ። በፊት የሚያገኘኝ ሁሉ «ደብዳቤ መጣ ወይ?» ይለኝ ነበር። አሁን ሲስሙኝ አንገቴን ትንሽ አቆይተው ይይዙታል። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዓይኔን ያየ ሁሉ ምንጣፉን ያያል። እኔም ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ አውቄ፣ ላለማወቅ ቀን ከሌት እሠራ ነበር። እስካልጠየቅኩ ድረስ ታደሰ ሱዳን የሆነ ቦታ ተቀምጦ ወረቀቱን ይጠብቃል። አንዲት ቃል ብናገር ግን የምገድለው እኔ የምሆን መሰለኝ።

ጋሼ ክንፈ በዚያ ሰሞን አዘውትረው ይመጡ ነበር፤ ሎሚውን ከፍ አድርገው። ሻይ ይጠጣሉ፤ ከመስኮቴ የሚታዩትን የወደቡን ክሬኖች እያዩ ስለ ዱሮ ጀልባዎች ያወራሉ። ሲነሱ በር ላይ ቆመው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል።

«ውቤ፣ የምትጠይቂኝ ነገር አለ?»

«ምንም የለም፣ ጋሼ።»

«ደግ። ከዳር አልጠፋም።»

በሩን ዘግቼ ጀርባዬን እደገፍበታለሁ። ችንጋው እየጮኸ እስኪርቅ ድረስ አልተነፍስም። ሎሚዎቹን አልበላቸውም ነበር፤ መስኮት ላይ ደርድሬያቸው፣ እየጠወለጉ እንኳ መጣል ፈራሁ።

ሽማግሌዎቹ ምን ይሉ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው። የነርስ ረዳት ፈተናዬን ልወስድ ስለነበር እሱ ይለፍ ተባለ። አለፈ። ከዚያ ፍልሰታ መጣ። ጋሼ ክንፈ በስብሰባው ላይ ጣታቸውን አንስተው «ያዘገየ ይቀጣል» ሲሏቸው፣ አንዱ ሽማግሌ «ጋሽ ክንፈ፣ የአሜሪካ ጀልባ እኛ ልማድ ውስጥ ምን ቤት ነው?» አላቸው። «ታዲያ እርስዎ ለምን አይነግሯትም?» ሲላቸው ደግሞ፣ «አልተጣራችም» አሉ። «ፈርታለች። እንድትጣራ ግን ሁላችሁም ከዳር ዞር በሉላት፤ ከብባችኋታል።»

የተጣራሁት በአንድ ቀሚስ ምክንያት ነው። ዘነበች ቤት ነበርኩ። ቀኑ ቀዘቀዘና «ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሹራብ አለልሽ፣ ልበሺ» አለችኝ። ከፈትኩት። ጥግ ላይ፣ ከካፖርቶቹ ኋላ፣ የዋጋ ወረቀቱ ያልተነሳለት አዲስ ጥቁር ቀሚስ ተሰቅሏል። ዘነበች ቀጭን ናት። የቀሚሱን ሳይዝ አየሁት፤ የኔ ነው። አጠገቡ ጥቁር ሻሽ፣ ጥቁር ካልሲም አለ። ባለፈው ሳምንት «አንቺ ሳይዝሽ ስንት ነበር? ሴል ላይ ደህና ነገር ካየሁ ብዬ ነው» ብላኝ ነበር።

ሹራቡን ለብሼ ወጣሁ።

«አገኘሽው?» አለች ከጓዳ።

«አገኘሁት።»

ቤቴ ገብቼ ቤተ መጻሕፍቱ ስልክ ደወልኩ። ቀትር ነበር፤ በሥራ ሰዓት።

«ጋሼ ክንፈ፣ ይምጡልኝ።»

ወረቀት ሲገለጥ ይሰማኛል።

«ሎሚ...» አልኩ። «ሎሚ አይያዙ።»

«መጣሁ» አሉ፤ ስልኩ ተዘጋ።

ደረጃው ላይ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ሱዳን ስገባ በረሃ ላይ ተኩስ ሲከፈትብን እንኳ እንዲህ አልፈራሁም። ችንጋው ከሩቅ ሲጮህ ሮጬ ቤት ገብቼ በሩን ልቆልፍ ዳዳኝ። ብዙ ቆልፌያለሁና። የደረጃውን ድጋፍ ይዤ ግን ቆየሁ። መኪናዋ ቆመች። የሥራ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ እጅጌያቸውን እንደጠቀለሉ ወረዱ። ሁለት እጃቸውን ከጎናቸው ትንሽ አርቀው፣ መዳፋቸውን ወደኔ ገልጠው መጡ። ባዶ ነበር።

«ውብነሽ፣ ታደሰ ተከዜን ሲሻገር ውኃ ወስዶት ሞቷል» አሉ። «ተገኝቶ በወግ ተቀብሯል። ያየው ሰው እዚህ አለ፤ ደስ ባለሽ ቀን ይነግርሻል።»

የሆንኩትን አላስታውስም። ያነሱኝ እሳቸው ናቸው። ሲመሽ ውኃ ሊያጠጡኝ ሲሞክሩ፣ «ለምን? ይህን ሁሉ ወር እያወቁ ሻይ ይጠጡ ነበር» ብዬ ጮህኩባቸው። ተቀመጡና፣ ከዚያ በፊት ለማንም ነግረውት የማያውቁትን ነገሩኝ።

ልጅ ሳሉ ነው፤ ክረምት ነው። ከቤታቸው ማዶ አክስታቸው ዘንድ ተልከው ወንዙ ሞላ። በማግሥቱ ወንዙ ዳር ሲወርዱ፣ ከወዲያኛው ዳር የቤታቸው ደጅ ሰው ተሰብስቧል። ሙሾ ይወርዳል፤ ሴቶች ይዘላሉ። ማን እንደሞተ ግን አይለይም። ይጮሃሉ፤ የውኃው ድምፅ ይውጠዋል። እናታቸውን ይፈልጋሉ፤ ርቀቱ ሁሉንም አንድ አስመስሎታል። ከማዶ ያዩዋቸው ሰዎች በእጅ ምልክት «ምንም የለም፣ ምንም የለም» አሏቸው። ውኃው እስኪጎድል እዚያው ከረሙ። ሲሻገሩ እናታቸው ተቀብራለች።

«መሞቷን ይቅር ብያለሁ» አሉኝ። «ያንን እጅ ግን እስካሁን አያለሁ። አንቺ ደግሞ እኛን እያየሽ፣ እኛ ሁላችን እጃችንን ስናወዛውዝልሽ ነበር። እኔ ግን ሳትጠይቂኝ ጎትቼ ባሻግርሽ ትሰጥሚብኝ ነበር። ይህ ፍርዴ ስሕተት ከሆነ ዕዳው የኔ ነው።»

በማግሥቱ ማለዳ ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው መጡ፤ ዘነበች ጥቁሩን ቀሚስ በክንዷ ይዛ ከኋላቸው። ጋሼ ክንፈ ጓዳ ሳህን ያጥቡ ነበር።

«ሥርዓት አፈረሱ!» አለ አንዱ። «ለእሑድ ቀጥረን፣ ቄሱን አስፈቅደን...»

«እሑድ ከተቀጠረ ስንት እሑድ አለፈ?» አሉ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። «ይልቅ ተቀመጡ፣ አልቅሱላት።»

ተቀመጡ፤ አለቀሱልኝ።

ግርማ በሳልስቱ መጣ። ደላላው በተነፋ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ፣ ከዳር እስከ ዳር በተወጠረ ገመድ እያሻገራቸው እንደነበር፣ ታደሰ መሐል ሲደርስ ገመዱ እንደተበጠሰ ነገረኝ። ጋሼ ክንፈ ጎኔ ተቀምጠው ይሰሙ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ።

«ገመዱን ማን ፈተሸው?» አሉ።

ልጁ ግራ ገባው። «ማንም፣ ጋሼ። እዚያ ማን ይፈትሻል?»

ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አወለቁና ሲጠርጉት ቆዩ። በሕይወታቸው ሙሉ ያነበቡት ሕግ ሁሉ ለዚያች አንዲት ገመድ የተጻፈ ሆኖ የታያቸው መሰለኝ።

እንግዲህ እኒህ ሰው ናቸው የሞቱት። ዘነበችም ሎሚውን አምጥታ፣ ስማኝ ሄደች። የራሳቸው የመረብ ከረጢት ነው፤ የራሳቸው ዛፍ ሎሚ።

ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ሳየው ስልኩ ጮኸ።

«ውቤ፣ ጽጌ ነኝ። ወንድሜ ስልክ አያነሳም። ልጄን ብጠይቀው ሥራ በዝቶበት ነው ይለኛል። ክንፈ ሥራ ቢበዛበት ለኔ ኮል ሳያደርግ አይውልም። አንቺ የምታውቂው ነገር አለ?»

ዓይናቸው ቢጠፋስ? ልጃቸው ምን ይለኛል? ሽማግሌዎቹስ? «ምንም የለም» ማለት እንዴት ቀላል እንደነበር! ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ቀብሩ ግን ነገ ነው። እኒህ ሴት ውኃው ሲጎድል ተሻግረው መቃብር ብቻ ሊያገኙ ነው።

«እትዬ ጽጌ፣ እመጣለሁ» አልኩ። «አሁን ተነስቼ እመጣለሁ።»

ከረጢቱን ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ፍርሃት ነው። የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። ፍሪዌዩ ላይ የወደቡ የጭነት መኪናዎች በግራ በቀኝ ያልፉኛል፤ መኪናው ውስጥ ሎሚ ሎሚ ይሸታል። በመንገድ ላይ ደጋግሜ፣ ሎሚውን ሰጥቼ ሻይ ጠጥቼ ልመለስ አልኩ። ነገ ይነገራቸው። ሌላ ሰው ይንገራቸው።

በራቸው ላይ ስደርስ ሞተሩን አጥፍቼ ተቀመጥኩ። ጋሼ ክንፈም በየሰው ደጅ እንዲህ ተቀምጠው ይፈሩ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት የምንፈራው እኛ ብቻ እንመስል ነበር።

ሎሚውን መኪናው ውስጥ ትቼ ወረድኩ።

እትዬ ጽጌ በሩን ከፍተው ቆመው ነበር። ዓይናቸው ጥላ እንጂ መልክ አይለይም።

«ውቤ ነሽ? ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ።»

እጃቸውን ዘረጉና ክንዴን አገኙት። ከክንዴ ወደ አንጓዬ ወረዱ፤ መዳፌን ገልጠው በጣታቸው ዳበሱት። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። እጄ ሎሚ ሎሚ ይሸታል፤ ሎሚ ግን የለበትም።

«ሌላኛውንም ስጪኝ» አሉ።

ሰጠኋቸው። ሁለቱንም እጄን እንደያዙ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገርኳቸው።